ጎንደር ወደ ላይ፣ ኢንደቨር ወደ ታች፦ የአንባቢዎች ጥያቄ

ባለፈው እትም ገጹ ላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ስለተረፈ፣ ለመሙላት ያህል ስለ አንድ የባሕር ውስጥ ፓርክ አምስት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ላላነበባችሁት ልድገመው። ኢንደቨር ይባላል። ከካናዳዋ ቫንኩቨር ደሴት ወደ ደቡብ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 2,250 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ የፍል ውሃ ሰፈር ነው። ከመሬቱ ስንጥቅ ከ300 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ ይወጣል። ዙሪያውን ፀሐይ አይተው የማያውቁ ትሎችና ሌሎች እንስሳት ይኖራሉ። ካናዳ በ2003 ከልላዋለች፤ በሀገሪቱ የውቅያኖስ ሕግ የተከለለ የመጀመሪያው የባሕር ቦታም እሱ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)።

በቃ፣ ይኸው ነበር። ስለ ኑሮ ውድነት ስጽፍ ሁለት ሰው ቢመልስልኝ ነው፤ ስለ ባሕር ትል ስጽፍ ግን ስልኬ ሲጮህ ሰነበተ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

ያን ጊዜ ሳልጠቅሰው ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ ስትጠጡ፣ እኛ ወደ ላይ የወጣነውን ያህል እነዚያ ትሎች ወደ ታች ወርደዋል ማለት ነው። እንዲያውም ትንሽ ይበልጡናል።

«የባዮሎጂ መምህራችን ያለ ፀሐይ ሕይወት የለም ብለው አስተምረውናል፤ ፈተና ላይም መጥቷል። እርስዎ ደግሞ ጨለማ ውስጥ እንስሳት አሉ አሉ። የትሉን ቪዲዮ ፈልጌ ለታላቅ ወንድሜ ባሳየው ‹ይሄማ በኤአይ የተሠራ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ማንን ልመን?» የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዘዞ

ወንድምሽን ለጊዜው ተይው። ትሉ እውነት ነው።

መምህርሽም ቢሆኑ ብዙ አልተሳሳቱም። እኔም እንደዚያው ነው የተማርኩት። በምድር ላይ ያለው አብዛኛው ሕይወት ከፀሐይ ነው የሚመገበው፤ ሙሉ የእንስሳት መንደር በጨለማ ውስጥ ከሚፈልቅ ጋዝ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። በ1977 አልቪን የምትባል ሰው የምትጭን ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ 2,500 ሜትር ገደማ ወረደች። የሄዱት የጂኦሎጂ ሰዎች ነበሩ፤ ፍል ውሃ ሊፈልጉ። ባዮሎጂስት የሚባል ይዘው አልሄዱም፣ ምን ሊሠራ? ፍል ውሃውን አገኙት፤ ዙሪያው ግን በዛጎል ለባሽና በትል ተሞልቶ ጠበቃቸው። የኢንደቨር ፍል ውሃዎች የታወቁት ከዚያ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ ትሉ እንምጣ። ሪጂያ ይባላል። ለራሱ ቱቦ ይሠራና እዚያው ውስጥ ተተክሎ ይኖራል። ከቱቦው አፍ ላይ ቀይ ላባ የመሰለ ነገር ብቅ ያደርጋል። ቀይ የሆነው እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው። አፍ የለውም። ጨጓራ የለውም። አንጀትም የለውም። ታዲያ ምን ይበላል? ሰውነቱ ውስጥ ባክቴሪያ ያረባል። ላባው ከውሃው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ማለትም ያንን የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይለቅማል፤ ደሙ ተሸክሞ ለባክቴሪያው ያደርሰዋል፤ ባክቴሪያው ከጋዙ ኃይል አውጥቶ ምግብ ይሠራል፤ ትሉም ከዚያ ይቃመሳል። ለእኛ መርዝ የሆነው ለእሱ ጤፍ ነው። ማሳውን ሆዱ ውስጥ የያዘ ገበሬ በይው።

ጎረቤቶችም አሉት። ከጥፍር የማይበልጡ ቀንድ አውጣዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ትሉን ያለብሱታል። እግረ ረጅም ሸርጣኖች መጥተው ላባውን ይበሉበታል። ሌላ ዓይነት ትል ደግሞ አለ፣ የጋለው ድንጋይ ግድግዳ ላይ፣ ማንም በማይደፍረው ቦታ ቤቱን የሚሠራ። እኔ በግሌ የማደንቀው ይሄኛውን ነው።

ፈተና ላይ ግን መምህርሽ ያሉትን ጻፊ። ለዚያውም ትሉ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ከላይ ከፀሐይ በታች ያሉ ዕፅዋት የሠሩት ስለሆነ፣ ከፀሐይ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። መምህርሽ ይህን ሰምተው ደስ ይበላቸው።

«ደባርቅም ጎንደርም ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። ውሃ መቶ ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል ነው የሚባለው። ሦስት መቶ ከሆነማ ተንኖ ያልቅ ነበር። ወይ ቁጥሩ ተሳስቷል ወይ አንተ ተሳስተሃል።» ከፒያሳ

እትዬ፣ ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ ለዛሬ እኔም ተርፌያለሁ። መልሱ ያለው እርስዎ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ደባርቅ ላይ ባቄላ ሲቀቅሉ ትዝ ይበልዎት። ከሰሉ ይቀላል፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፣ ባቄላው ግን ድንጋይ እንደሆነ ይቆያል። ጎንደር ሲወርዱ ትንሽ ይሻላል። ቆላ ቢወርዱ ደግሞ ቶሎ ይበስል ነበር። ምክንያቱ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ሳይግል ይፈላል። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። ከሰል ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ፕሬዠር ኩከር ሲገዙ ግን እንፋሎቱ ታፍኖ ውሃውን ይጫነዋል፤ ውሃውም መቶን አልፎ ይሄዳል፣ ባቄላውም እጅ ይሰጣል።

ኢንደቨር የዓለም ትልቁ ፕሬዠር ኩከር ነው ቢሉ አልከራከርዎትም። 2,250 ሜትር ውሃ ከላይ ተከምሮበታል። ግፊቱ እኛ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰማን የአየር ግፊት 225 እጥፍ ያህል ነው። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ከሁለት ኩንታል በላይ ተጭኖ ያስቡት። እንዲህ የተጫነ ውሃ ሦስት መቶም ገብቶ አይንተከተክም።

ያን ያህል ማን አጋለው? ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ያውቁ ይሆናል። ነገሩ ዘመዳሞች ናቸው፤ ውሃ ወደ ምድር ውስጥ ይሰርጋል፣ የጋለ ዓለት ያገኘዋል፣ ሞቆ ይመለሳል። ኢንደቨር ላይ ልዩነቱ፣ ከባሕሩ ወለል ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ የቀለጠ ዓለት መኖሩ ነው። ውሃው እዚያ አካባቢ ደርሶ ሲመለስ ከዓለቱ ብረት፣ መዳብና ዚንክ አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ደግሞ 2 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ቀዝቃዛ ባሕር ጋር ይጋጫል። ያኔ የተሸከመውን ሁሉ በአንዴ ይደፋዋል። ጥቁር ጭስ የሚመስለው እሱ ነው። ጭስ አይደለም፤ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ነው።

ብናኙ ሲጋገር ሲጋገር የጭስ ማውጫ የመሰለ ግንብ ይሆናል። አንዱ ግንብ ጎድዚላ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ቁመቱ 45 ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር፤ የፋሲል ግንብ አይደርስበትም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በራሱ ጊዜ ተናደ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ማደግ ጀመረ። የፋሲል ግንብ ቢፈርስ እንዲህ በራሱ ቢበቅልልን እንዴት ሸጋ ነበር!

«ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። መሣሪያ የምናመክነው አውቶክሌቭ ውስጥ 121 ዲግሪ ላይ ነው። በዚህ ሙቀት የሚተርፍ ጀርም የለም ተብለን ነው የተማርነው። ትክክል አይደለም እንዳትለኝ።» ነርስ፣ ከማራኪ

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልልሽ ነው።

ኢንደቨር ያለበት የባሕር ውስጥ ተራራ ሰንሰለት ሁዋን ደ ፉካ ይባላል። ከዚያ ከተወሰደ የጭስ ማውጫ ቁራጭ ውስጥ ተመራማሪዎች አንዲት ረቂቅ ነፍስ አገኙ። ልክ እንደ እናንተ አውቶክሌቭ ውስጥ ከተው 121 ዲግሪ ላይ አቆዩዋት። ሞታ ትወጣለች ሲባል በ24 ሰዓት ውስጥ ቁጥሯን እጥፍ አድርጋ ወጣች። ስትሬይን 121 የሚል ስም የወጣላት በዚሁ ምክንያት ነው። ግኝቱ የታተመው በ2003 ነው፤ ሰፈሯ በተከለለበት ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። ኦክስጅን አትፈልግም፤ እኛ ለመተንፈስ ኦክስጅን እንደምንጠቀም እሷ ብረት ትጠቀማለች።

መቀስሽን ግን አትጣይ። ይህች ፍጡር ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በታች ሲሆን ማደግ ታቆማለች። የሰው ሰውነት 37 ነው፤ ለእሷ በረዶ ቤት በይው። በሽተኛ ላይ የሚያድገውን ጀርም ማሽንሽ አሁንም አንድ በአንድ ይለቅመዋል።

«ስሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት አስጎበኛለሁ። መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳይከተልህ ፓርኩ ውስጥ አትንቀሳቀስም። ባሕር ውስጥስ ስካውቱ ማነው? ከልለነዋል ማለት ወረቀት ላይ ብቻ አይሆንም?» ከደባርቅ

ወንድሜ፣ ይሄ ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ነው። የጠረጠርከውም በከፊል ትክክል ነው።

እዚያ የሚኖር ሰው የለም። ከብት ይዞ የሚገባ የለም፣ ገብስ የሚዘራ የለም፣ እንደ ስሜኗ ግጭ መንደር ሰዎች ቀዬውን ለቅቆ ደባርቅ የሚወርድ ነዋሪም የለም። ስለዚህ እኛን ስሜን ላይ ሌሊት እንቅልፍ የሚያሳጣን ችግር እነሱን አያውቃቸውም። ሕጉ የሚለው አጭር ነው፤ ከዚያ ምንም ነገር መንካት፣ ማበላሸት፣ ማንሳት ክልክል ነው፤ ድንጋዩንም እንስሳውንም። ለምርምር የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ዕቅዱን ያቀርባል።

አሁን አስቂኙን ልንገርህ። ለብዙ ዓመት ቦታውን በአካል የሚነካው ማን ነበር መሰለህ? ተመራማሪው ራሱ። ግንቡን ቆርሶ ናሙና ይወስዳል፣ ትሉን ይለቅማል፣ መሣሪያ ይተክላል፣ ለዘመናት ጨለማ የነበረን ቦታ በፓውዛ ያጥለቀልቃል። አንተ ቱሪስቱ ዋልያን ለፎቶ ብሎ ሲያሳድድ ‹ኧረ ተው› የምትለውን ዓይነት። ስለዚህ ሰፈሩን ከፋፈሉት። አንዱ የፍል ውሃ መስክ ናሙና የሚወሰድበት ሆነ፤ ሌላው በዓይን ብቻ የሚታይ። የክልሉን ግማሽ ጥቅም ያየሁት እዚህ ጋ ነው፤ የሚወድህ ሰውም ሊያበላሽህ እንደሚችል ገብቷቸዋል።

ስካውቱ ደግሞ ገመድ ነው። ከቫንኩቨር ደሴት ተነስቶ ባሕር ወለል ላይ ዞሮ የሚመለስ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ኬብል አለ፤ ከ2009 ጀምሮ ይሠራል። መብራትና ኢንተርኔት ይዞ ይወርዳል። ካሜራ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ፣ ቴርሞሜትር ተሰክተውበታል። (2,250 ሜትር ባሕር ሥር መብራት ገብቷል፤ እኔ ይህን ስጽፍ ሁለቴ ጠፍቶብኛል።)

ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያው ክልል መቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ጎንደር ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ጥቂቱን ብታጥር እሱን ታክላለህ። በ2024 ነው ነገሩ የተስተካከለው። ከ133,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን አዲስ ክልል ታወጀ፤ ኢንደቨርን ጨምሮ በርካታ የባሕር ውስጥ ተራሮችን ያቀፈ። እነዚህ ተራሮች የቀዘቀዙ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ጎናቸው ላይ በዝግታ የሚያድጉ የጥልቅ ባሕር ኮራሎች ይበቅላሉ። ወለሉን እየጠረገ የሚሄድ መረብ አንዴ ካለፈባቸው ግን አለቀ፤ የተነቀለውን በአንተም በልጅህም ዕድሜ መልሰህ አታየውም። አዲሱን ክልል መንግሥት ብቻውን አይደለም የሚያስተዳድረው፤ እንደ ሃይዳና ኑ ቻ ኑልዝ ያሉ የዳርቻው ነባር ሕዝቦችም አብረው ይዘውታል። ስሜን በ1996 ‹አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች› መዝገብ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው። በእነዚያ ዓመታት አካባቢው ያለው ሰው ካልተስማማ አጥርና ስካውት ብቻውን እንደማይበቃ አንተ ከእኔ በላይ አይተሃል።

«ልጄ፣ እኛ ባሕር የምንለው ጣናን ነው። ቀይ ባሕሩም ከሄደ ቆየ። የካናዳ ትል ለጎንደር ምኗ ነው?» ጡረተኛ፣ ከአራዳ

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ። ጥያቄዎ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል።

ከጣና ልጀምር። ጎርጎራ ላይ ቆመው ሲያዩት ወሰን የለውም፤ ግን በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ኢንደቨር ለመድረስ አንድ መቶ ስድሳ ጣና መደራረብ አለብን። ጣናም ቢሆን ያለ ክልል አልቀረም፤ በ2015 ዩኔስኮ የባዮስፌር ቦታ ብሎ መዝግቦታል።

ዝምድናውን ከፈለጉት ደግሞ ከእግርዎ በታች ነው። ስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ የተከመረ እሳተ ገሞራ ናቸው። የፋሲል ግንብ ጥቁር ድንጋይም የዚያ ዘመድ ነው። ኢንደቨር ላይ ያለው ሥራ ይኸው ነው፤ የምድር ቅርፊት ሁለት ቦታ ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይሸሻል፣ በክፍተቱ ዓለት እየቀለጠ ይገባና አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል። በዓመት ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃል፤ ከጥፍርዎ እድገት ይፈጥናል።

ይህንኑ ነገር በደረቅ መሬት ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዱ የእኛው አፋር ነው። መስከረም 1998 በእኛ አቆጣጠር ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ አንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተራርቋል። ካናዳዎቹ በኬብልና በሮቦት የሚያጠኑትን እረኛ ፍየሉን ይዞ ዳር ቆሞ ያየዋል። እና አባባ፣ ባሕሩ ሄደ ብለው አይዘኑ፤ አዲስ ባሕር በአፋር በኩል እየመጣ ነው። ችግሩ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት መጠበቅዎ ነው።

ስለ ባለቤትነቱም ልጨምር። ኢንደቨር የካናዳ የሆነው አንድ ሀገር ከዳርቻው እስከ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ባሕር ሀብት ላይ መብት ስላለው ነው። ከማንኛውም ሀገር ወሰን ውጪ ያለው የባሕር ወለል ግን በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ‹የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ› ተብሏል። ወደብ ያለው የሌለው ብሎ አይለይም። የጥልቅ ባሕር መዳብና ወርቅ ልቆፍር የሚለው ኩባንያ ዛሬ ሲሰለፍ፣ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዱ እርስዎም ነዎት፣ አራዳ ቁጭ ብለው።

አጫጭሮቹ

«ባሕሩ ሊፈነዳ ነው ሲባል ሰማሁ።» መጋቢት 2024 ላይ ኢንደቨር አካባቢ በሰዓት እስከ ሁለት መቶ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ተመዝግበው ነበር፤ ወሬው የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። መሬቱ ተለጥጦ ሊሰነጠቅ ሲቃረብ እንዲህ ያደርገዋል። በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ዳርቻው ላይ የተኛ ሰው አይነቃም።

«ትሉ ይበላል?» ጾም ላይ ነን። ከጾሙ በኋላም አይበላም፤ የእንቁላል ሽታውን አስቡት።

«በቀጥታ ማየት ይቻላል?» ኬብሉን የሚያስተዳድሩት ኦሽን ኔትወርክስ ካናዳ ይባላሉ፤ ቪዲዮዎቻቸውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ። ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ብትሄዱ ይሻላል። የአዘዞዋ ተማሪ፣ ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ። ታች ያለው መብራት እንስሶቹን እንዳይረብሽ ሁልጊዜ አይበራም፤ ስለዚህ ጥቁር ስክሪን ብቻ ካያችሁ ተበላሸ ብላችሁ አትዝጉት፣ እዚያ በአብዛኛው እንደዚያው ነው።